የቲዩብ ጊታር አምፕ ከዜሮ መስራት፦ ጅማ ላይ ሆኖ ከየት ይጀመራል?

የፈረንጅ አራዳ ጊታር

ሰላም ለሁላችሁ። የድሮዎቹን ዓይነት ትንሽ የቲዩብ ጊታር አምፕ (በመስታወት ቫኪዩም ቲዩብ ድምፅ የሚያጎላውን) በእጄ መስራት እፈልጋለሁ። ለቤት የሚበቃ፣ ጨመር ሲያደርጉት ድምፁ ደስ በሚል መልኩ የሚሻክር ቢሆን። ሬዚስተርና ካፓሲተር እለያለሁ፣ ሶልደርም አደርጋለሁ፤ ከ12 ቮልት በላይ ግን ነክቼ አላውቅም። ዓይኔ ያረፈው ማርሻል ጄቲኤም45 ላይ ነው፤ ለጀማሪ ይሆናል? ከአሜሪካ የሚመጣው ኪት ትራንስፎርመሩ 120 ቮልት ነው፤ በስቴፕ ዳውን (ቮልት በሚቀንስ ትራንስፎርመር) ይሄድልኛል? ደግሞ አንድ የድሮ ፊሊፕስ ራዲዮ አለ፤ ከሱ የሚጠቅም ነገር ይወጣል? መጨረሻ ላይ፣ ክራር ቢሰካበትስ?

አባ ትራንስፎርመር

ጄቲኤም45ን ለሁለተኛው ሥራህ አቆየው። እሱ ራሱ ከፌንደር ቤዝማን 5ኤፍ6-ኤ የተቀዳ ነው። ሁለት የኃይል ቲዩብ፣ ፌዝ ኢንቨርተር (ድምፁን ገልብጦ ለሁለቱ ቲዩቦች የሚያካፍለው ክፍል)፣ ከ400 በላይ ቮልት፤ ሲበላሽ ጥፋቱን የምትፈልግበት ቦታ ይበዛብሃል። ለመጀመሪያ የሚሆነው የፌንደር ቻምፕ 5ኤፍ1 ነው። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ሥራ ነው፤ ሦስት ቲዩብ፣ አንድ የድምፅ ቁልፍ፣ 5 ዋት ገደማ። 5 ዋት ሲባል ትንሽ እንዳይመስልህ፣ በጥሩ ስፒከር ጎረቤት ያስነሳል።

ቲዩቦቹ ድምፁን መጀመሪያ የሚያጎላው አንድ 12ኤኤክስ7 (አውሮፓውያን ኢሲሲ83 የሚሉት)፣ ስፒከሩን የሚነዳው አንድ 6ቪ6 እና ኤሲውን ወደ ቀጥታ ከረንት የሚቀይረው አንድ 5ዋይ3 ናቸው። ለ12ኤኤክስ7 ሁለት ፕሌቶች (ድምፁ የሚወጣባቸው) 100 ኪሎ ኦም፣ ለሁለቱ ካቶዶች 1.5 ኪሎ ኦም። መግቢያው ላይ ሁለት 68 ኪሎ እና አንድ 1 ሜጋ ኦም። 6ቪ6 ግሪዱ (ድምፁ የሚገባበት) ላይ 220 ኪሎ፣ ካቶዱ ላይ 470 ኦም ከነ25 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሩ ይፈልጋል። ለፊድባክ (ከስፒከሩ በኩል ወደ 12ኤኤክስ7 ለሚመለሰው ድምፅ) 22 ኪሎ፣ በኃይል መስመሩ ላይ 10 ኪሎ ከዚያ 22 ኪሎ። ድምፅ የሚያሻግሩት ሁለቱ ካፓሲተሮች 0.022 ማይክሮፋራድ፣ 630 ቮልት ፊልም ይሁኑ። ማጣሪያዎቹ (የኃይል መስመሩን የሚያጠሩት ካፓሲተሮች) በመጀመሪያው ንድፍ 16፣ 8 እና 8 ማይክሮፋራድ ናቸው፤ ዛሬ 22፣ 10፣ 10 ብታደርግ ምንም አይልም።

ጀማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩ ላይ ሳይሆን አቅሙ ላይ ነው። የሩብ ዋት ሬዚስተር ብዙውን ጊዜ ከ250 ቮልት በላይ አይችልም፤ ስለዚህ ፕሌት ላይ ግማሽ ወይም 1 ዋት አድርግ። 470 ኦሙ ላይ ወደ 20 ቮልት ይወድቃል፤ ይህ ከ0.8 ዋት በላይ ሙቀት ነው፣ 5 ዋቱን ግዛ። የማጣሪያዎቹ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ ትራንስፎርመሩ 325-0-325 (ከመሃሉ ወደ እያንዳንዱ ዳር 325 ቮልት) ከሆነና 6ቪ6 ገና ሳይሰካ 5ዋይ3 ብቻውን ከሞቀ መስመሩ ወደ 460 ቮልት ይወጣል። 450 የተጻፈበት ካፓሲተር አለቀለት። 500 ቮልት ካጣህ፣ ሁለት ባለ 350 ቮልት በተከታታይ ግጠምና በእያንዳንዳቸው ላይ 220 ኪሎ ኦም አድርግ፤ ሁለት ባለ 47 ሲሰካኩ 23 ገደማ ይሆናሉ። ከኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚፈቱትን ባለ 200 ቮልት ትላልቆቹን ግን ተዋቸው። ሁለቱ ተደምረው 400 ቮልት ነው የሚችሉት፣ በዚያ ላይ ማይክሮፋራዳቸው ስለሚበዛ 5ዋይ3 ሲነሳ ውስጡ ብልጭ ብሎ ይቃጠላል።

ስለ 120 ቮልቱ። ስቴፕ ዳውን ቮልቱን እንጂ ፍሪኩዌንሲውን አይለውጥም። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ 60 ብቻ ተብሎ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ብረቱ ይጠግባል፣ ይግላል፣ ያጉረመርማል። 50/60 የሚል፣ 220 ወይም 230 መግቢያ ያለውን ፈልግ። ከመምረጥህ በፊት የቤትህን መብራት ጠዋትም ማታም ለካ። የቲዩብ ሂተር (ቲዩቡን የሚያሞቀው ክር) 6.3 ቮልት ሲደመር ሲቀነስ 10 በመቶ ነው የሚችለው፤ የ220ው መግቢያ ከ198 እስከ 242፣ የ230ው ከ207 እስከ 253 ድረስ ያስኬድሃል። ማታ ማታ መብራቱ ደክሞ 200 የሚገባ ሰፈር ከሆነ የ220ውን ያዝ። መብራት ሲሄድ የአምፑን ማብሪያ አጥፋ፤ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ለማንም አይበጅም።

አሁን ዋናው። ይህ ዕቃ ከሶኬት ተነቅሎም ይገድላል። በመጀመሪያው ማጣሪያ ላይ 220 ኪሎ ኦም 2 ዋት ሬዚስተር በቋሚነት ወደ ግራውንድ ሶልደር አድርግ። ነቅለህ አንድ ደቂቃ ጠብቅ፤ በመልቲሜትር ከ10 ቮልት በታች መሆኑን ሳታይ እጅህን አታስገባ። በጠመንጃ መፍቻ አገናኝቶ ማፈንዳት ካፓሲተሩንም ዓይንህንም ይጎዳል። ስትለካ ጥቁሩን ጫፍ በመያዣ ሻሲው (የብረት ገላው) ላይ አስረው፣ በአንድ እጅ ብቻ ሥራ። የመሬት ሽቦ ከሻሲው ጋር በራሱ ብሎን ይታሰር። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት መሬት ከሌለው መጀመሪያ እሱን አሠራ። ፊውዙ በ220 ላይ ግማሽ አምፔር፣ ቀስ ብሎ የሚቃጠለው ዓይነት።

የሂርማታዋ ቴክኒሻን

አባ ትራንስፎርመር ሁሉንም ብሎታል፣ እኔ በትራንስፎርመሩ ልግባ። እዚህ የሚከብደው እሱ ነውና።

ፊሊፕሱን ከኋላው ክፈተውና የቲዩቦቹን ስም አንብብ። እንደ ኢኤል84 ወይም ኢዜድ80 በ«ኢ» የሚጀምሩ ከሆነ ሂተራቸው 6.3 ቮልት ነው፣ ራዲዮውም ብዙውን ጊዜ የራሱ የኃይል ትራንስፎርመር አለው። ሀብት ነው፣ አትበትነው። በ«ዩ» የሚጀምሩ ከሆነ፣ ለምሳሌ ዩኤል84፣ ሂተሮቹ በተከታታይ ተሰክተው በቀጥታ ከመብራት ነው የሚነዱት፤ ሻሲው ራሱ ከረንት ሊኖረው ይችላል። ለጊታር አምፕ አይሆንም። የጊታር ክር በእጅህ ነው ያለው፣ አስበው።

ኢኤል84 ከተገኘ 6ቪ6 መፈለግ አያስፈልግህም። በ250 ቮልት ካቶዱ ላይ 130 እስከ 150 ኦም አድርግለት፤ የራዲዮው የድምፅ ማውጫ ትራንስፎርመርም (ቲዩቡን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው) ለሱ የተሠራ ነው። ሶኬቱ ባለ 9 እግር ስለሆነ የ6ቪ6ን የእግር ቁጥር አትከተል። ካፓሲተሮቹን በሙሉ፣ በተለይ በወረቀትና በሰም የተሠሩትን፣ ሳታበራው በፊት ቀይር። ወደ ኃይል ቲዩቡ ግሪድ የሚሄደው አንዱ ካፈሰሰ ግሪዱ ፖዘቲቭ ይሆናል፣ ፕሌቱም ቀልቶ ይቃጠላል።

የማውጫ ትራንስፎርመር ለማስጠምጠም ካሰብክ፣ ሞተር የሚጠመጥሙት ይችሉታል፤ አንድ ነገር ግን ደጋግመህ ንገራቸው፦ ቆርቆሮዎቹ እያፈራረቁ አይደረደሩም። ኢ ቅርጾቹ ሁሉ በአንድ በኩል፣ ቀጥታዎቹ በሌላ በኩል፣ በመካከላቸው ወረቀት። በአንድ ቲዩብ አምፕ ውስጥ ወደ 40 ሚሊአምፔር ቀጥታ ከረንት ሁልጊዜ ስለሚያልፍ ክፍተቱ ከሌለ ብረቱ ይጠግብና ወፍራሙ ድምፅ ይጠፋል። የሆርን ስፒከር የመስመር ትራንስፎርመር የሚመክሩህም ይኖራሉ፤ ክፍተት ስለሌለው ውጤቱ ያው ቀጭን ድምፅ ነው። ለሙከራ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም።

ያልታወቀ ትራንስፎርመር ስትመረምር 6.3 ቮልት ኤሲ ብዙ ዙር ባለበት በኩል አስገባና የስፒከሩን በኩል ለካ። 0.18 ቮልት ካሳየ ምጣኔው 35 ለ 1 ነው፤ 4 ኦም ስፒከር ለቲዩቡ 5 ኪሎ ኦም ሆኖ ይታየዋል ማለት ነው። 0.14 ከሆነ 8 ኪሎ። ሁለቱም ለ6ቪ6 ይሄዳሉ። በተቃራኒው፣ በስፒከሩ በኩል እንዳታስገባ፤ በሌላው ጫፍ ከ200 በላይ ቮልት ይጠብቅሃል።

የኃይል ትራንስፎርመር ከጠፋ ደግሞ ሁለት ተራ ትራንስፎርመር ጀርባ ለጀርባ ይገጠማል። የመጀመሪያው 220 ወደ 6-0-6፣ 60 ቮልት አምፔር። ሁለተኛው 220 ወደ 12 የሆነውን ገልብጠህ 12ቱን ከመጀመሪያው ዳርና ዳር አገናኝ። ቢያንስ 30 ቮልት አምፔር ይሁን። ከመሃልና ከአንዱ ዳር ያለው 6 ቮልት ለሂተር ይሆናል። ከተገለበጠው የሚወጣው 220 አይሞላም፤ በአራት ዳዮድ ተስተካክሎ 250 እስከ 270 ቮልት ይሰጥሃል። 6ቪ6 በ250 ቮልት የሚፈልገው 470 ሳይሆን 250 ወይም 270 ኦም ካቶድ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ 4.5 ዋት ገደማ ያወጣል። ሁለቱም ትራንስፎርመሮች መግቢያና መውጫቸው የተለየ መሆኑን በመልቲሜትር አረጋግጥ።

ፈጣን ሶልደር

እንዲያውም 5ዋይ3ን ለምን ትገዛለህ? በማንኛውም ትራንስፎርመር ላይ ዳዮድ ይተካዋል፣ ብር አታባክን።

አባ ትራንስፎርመር

ወንድሜ፣ በማንኛውም አይደለም። 5ዋይ3 ራሱ ብዙ ቮልት ይበላል፤ 325-0-325 በሱ ሲያልፍ ከጭነት ጋር 340 እስከ 360 ነው የሚወጣው። በዳዮድ ከ430 ያልፋል፣ ያንን ለ6ቪ6 መስጠት ግድያ ነው። ዳዮድ የሚሄደው እህታችን ባለችው ዝቅተኛ ቮልት ላይ ነው።

የፈረንጅ አራዳ ጊታር

አመሰግናለሁ፣ በጣም! ራዲዮው በ«ዩ» የሚጀምር ሆኖ ተገኘ፣ ስለዚህ ጀርባ ለጀርባውን ልሞክር። ክፍሎቹን በእንጨት ላይ ብደረድርስ? ሲበራስ ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው?

ክረምትና ቦርድ

እንጨቱን ለሳጥኑ አድርገው። ዋንዛ ጥሩ ነው፣ ጅማ ላይ ጥሩ አናጺም አይጠፋም፤ ጀርባውን ግማሹን ክፍት ተው፣ ቲዩቡ መተንፈስ አለበት። ለቦርዱ ግን እንጨትም ካርቶንም አይሆንም። የድሮ ፌንደሮች ጥቁር የፋይበር ቦርድ እንኳ እርጥበት ሲጠጣ ከረንት ያሳልፋል፤ ከዚያ የሚመጣው መንጫጫትና ራሱን የሚለዋውጥ ቮልት ፈላጊውን ያሳብዳል። የኛን ክረምት ታውቀዋለህ። ፋይበርግላስ ወይም ባለ እግር ታግ ስትሪፕ ተጠቀም። ሻሲው 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ይሁን። የሶኬቱን ዙሪያ ሳትለካ ቀዳዳ አትቅደድ። የኃይሉና የማውጫው ትራንስፎርመር ብረቶች አንዱ ለአንዱ በ90 ዲግሪ ይቁሙ፣ አለበለዚያ አንዱ ወደ ሌላው ይዘምራል።

የሂተር ሽቦ ጥብቅ ተደርጎ ይገመድ፣ ጥግ ጥጉን ይሂድ። በ12ኤኤክስ7 እግር 4 እና 5 አንድ ላይ ታስረው አንዱ ሽቦ፣ እግር 9 ሌላው። በ6ቪ6 እግር 2 እና 7። ከሁለቱም ሽቦዎች ወደ ግራውንድ 100 ኦም 100 ኦም አድርግ። አንተ ጋ 12ቱ ወደ ሁለተኛው ትራንስፎርመር ስለሚሄድ፣ የ6-0-6ን መሃል ደግመህ ከግራውንድ ጋር አታገናኝ፤ አንዱ 100 ኦም ያለ ሥራ ይግላል። ግራውንዱን በየደረሰበት አትሰር፦ የመጀመሪያው ማጣሪያና የ6ቪ6 ካቶድ አንድ ቦታ፣ የ12ኤኤክስ7ዎቹ መግቢያው አጠገብ።

ሲበራ፦ በመጀመሪያ በተከታታይ የተሰካ ክር ያለው 60 ዋት አምፖል አድርግ፤ ኢኮኖሚ አምፖል አይሠራም። ቲዩብ ሳትሰካ በፊት ዳዮዶቹን አላቅቀህ ኤሲውን ብቻ ለካ፤ አምፖሉ ደመቅ ካለ የሆነ ቦታ ተገናኝቷል። ከዚያ ስፒከሩን ሰካ። ያለ ስፒከር ፈጽሞ አታብራ፣ የማውጫው ትራንስፎርመር ውስጡ ይፈነዳል። ቲዩቦቹን ስትሰካ አምፖሉ ደምቆ መልሶ ከደበዘዘ ደህና ነው። ከዚያ ያለ አምፖል አብራና ለካ። 6ቪ6 እግር 5 ዜሮ ቮልት፣ እግር 8 በ250 ቮልት ላይ 12 ወይም 13 (በመደበኛው ቻምፕ ከ17 እስከ 20)፣ የ12ኤኤክስ7 እግር 3 እና 8 ከ1 እስከ 2 ቮልት ገደማ። እግር 5 ላይ ጥቂት ቮልት እንኳ ካየህ አጥፋ፣ 0.022ው አፍስሷል።

ልክ እንደበራ የሚጮህ ከሆነ የፊድባኩ 22 ኪሎ ግልብጥ ሆኗል፤ የማውጫውን ትራንስፎርመር ወደ ፕሌትና ወደ ኃይል መስመር የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይር፣ ይኸው ነው። ጉርምርምታው ለስለስ ያለ 50 ኸርዝ ከሆነ ሂተሩን ወይም ግራውንዱን፣ ሸካራ 100 ኸርዝ ከሆነ ማጣሪያውን ተጠራጠር። 12ኤኤክስ7ን ስትነቅለው ከጠፋ ችግሩ እሱ ላይ ወይም ከሱ በፊት ነው።

ስፒከር 8 ኢንች 4 ኦም። የመኪና ስፒከር ይሠራል፣ ግን ድምፁ ዝቅ ይላል፤ ለተመሳሳይ ዋት የጊታሩን ያህል አይጮህም።

የሂርማታዋ ቴክኒሻን

ክራሩ ተረስቷል። ማግኔት ፒክአፕ ካለው እንደ ጊታር ሰካው። ከቆዳው ላይ የሚለጠፈው ፒዬዞ (ንዝረት የሚቀበል ፒክአፕ) ከሆነ ግን ከሁለቱ መሰኪያዎች የግድ መግቢያ 1 ላይ ይሁን፣ እዚያ 1 ሜጋ ኦም ነው የሚያየው። መግቢያ 2 ሁለቱን 68 ኪሎ ስለሚያከፋፍል 136 ኪሎ ይሆናል፤ ፒዬዞው ወፍራም ክሮቹን ይበላብሃል። ቆዳው ራሱ እንደ ማይክ ስለሚቀበል ከስፒከሩ ፊት ለፊት አትቀመጥ።

የፈረንጅ አራዳ ጊታር

ገባኝ። ለማታ የመብራቱን ቮልት ለክቼ ልጻፍላችሁ።

አባ ትራንስፎርመር

ሁለት ሦስት ማታ ለካው፣ የአንድ ቀን አይበቃም።