ማስተርስ እዚሁ ልጀምር ወይስ ስኮላርሺፕ ልጠብቅ? ድሬና ሐረር ያላችሁ እስቲ አማክሩኝ

ሳቢያን_ልጅ፦
ሰላም ቤቶች፣ ሙቀቱን እንዴት ይዛችሁታል። በ2014 ነው ከሐረር ካምፓስ በፐብሊክ ሄልዝ የተመረቅኩት፣ ሲጂፒኤ 3.4፣ አሁን ድሬ አንድ ጤና ጣቢያ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። መሥሪያ ቤቴ ስፖንሰር አድርጎኝ ሀረማያ ማስተርስ እንድጀምር ዕድል አለ ተብያለሁ፣ ልቤ ግን ውጭ ነው፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቴሌግራም ላይ ፉሊ ፈንድድ የሚል ነገር ሁሉ ሴቭ አደርጋለሁ እስካሁን አንድም አላመለከትኩም ሃሃ። እናቴ ደግሞ እጅሽ ላይ ያለውን ያዢ ትለኛለች። ኦሪጅናል ዲግሪዬን አላወጣሁም፣ ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራቱን) አልከፈልኩም፣ ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ (የተማሪ ግሬድ ኮፒ) ነው ያለኝ። ምን ትሉኛላችሁ?

ደንገጎ_ዳገት፦
እህቴ እኔ ሀረማያ ነው የጨረስኩት፣ ከድሬ እየተመላለስኩ። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሚኒባስ ውስጥ ቲሲስ ጭኔ ላይ ይዤ ደንገጎን ስወጣ ነው ያነበብኩት ማለት ይቻላል፣ ብርዱ ሲጀምር ካምፓስ እንደደረስኩ አውቃለሁ። የአገር ውስጡን እንደ ሽንፈት አትዪው። ደሞዝሽ አይቋረጥም፣ ዳታሽ እዚሁ ቀበሌ ነው፣ ለውጭ ፒኤችዲም በር ይከፍታል። ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛ ጋት፣ የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ ነው፣ ስፖንሰር አለኝ ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ሂሳቡን ከአሁኑ ጀምሪ እኛ ጤናዎቹ እዛ ላይ ነው የምንወድቀው። ሁለተኛ ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ፣ ስንት ዓመት ታገለግያለሽ፣ ዋስ ማን ነው፣ መሃል ላይ የውጭ ዕድል ቢመጣ ምን ይሆናል። ዋስ የሆነው አጎትሽ ከሆነ ነገሩ ቤተሰብ ውስጥ ይገባል። ደግሞ እዚህ ማስተርስ ከያዝሽ በኋላ የውጭ ማስተርስ ስታመለክቺ ብዙ ቦታ ሁለተኛ ለምን አስፈለገሽ ይሉሻል፣ አሳማኝ መልስ ይፈልጋል።

ፎሪንት_ቆጣሪ፦
ከሀንጋሪ ነኝ፣ የድሬ ልጅ፣ ያደግኩት ገንደ ቆሬ። ላንቺ የምመክረው መጀመሪያ ጀርመንን ነው፣ ዳአድ ኢፖስ የሚባለው ስኮላርሺፕ፣ ለታዳጊ አገር ባለሙያዎች ነው፣ ፐብሊክ ሄልዝም አለበት። ቢያንስ 2 ዓመት የሥራ ልምድ ይፈልጋሉ፣ አለሽ፣ ዲግሪሽ ደግሞ ከ6 ዓመት በላይ መቆየት የለበትም። እዚህ ጋ ጉድ ልንገርሽ፣ ጓደኛዬ ፎርሙ ላይ የተመረቀበትን ዓመት በኛ አቆጣጠር ሞላው፣ 2014 ብሎ! አንቺም ያው 2014 ነሽ፣ 2022 ብለሽ ሙዪ፣ አለበለዚያ ዲግሪሽ ገና ሳይታይ ያረጃል። ቼቪኒንግም 2 ዓመት ልምድ ነው የሚለው፣ እንግሊዝ አገር የ1 ዓመት ማስተርስ፣ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ተከፍቶ መስከረም መጨረሻ አካባቢ ይዘጋል፣ ስትጨርሺ አገርሽ ገብተሽ 2 ዓመት መቆየት አለብሽ። ልምድ የማይጠይቀው የአውሮፓ ኅብረቱ ኢራስመስ ሙንዱስ ነው፣ በወር 1,400 ዩሮ ይሰጣል፣ ግን ቲኬቱም ቪዛውም ከዚያው ነው፣ መጀመሪያ ከኪስሽ ታወጫለሽ፣ ይሄን ማንም አይነግርሽም። የኛው የሀንጋሪው በትምህርት ሚኒስቴር በኩል እጩ መሆን ይጠይቃል፣ ማመልከቻው ጥምቀት ሊገባ ሲል ነው የሚዘጋው፣ ለማስተርስ ኪስ ገንዘቡ በወር 43,700 ፎሪንት ነው፣ አይበቃም፣ እኔ ቅዳሜና እሁድ ሥጋ ቤት እቃ አጥባለሁ። የቱርክ ጥር 2 ተከፍቶ የካቲት 13 ይዘጋል፣ ለማስተርስ ከ30 ዓመት በታች መሆን አለብሽ።

ግን ሰው የሚወድቀው በግሬድ አይምሰልሽ፣ በወረቀት ነው። የአባቴ ስም መሐመድ ነው፣ ፓስፖርቴ ላይ በአንድ ኤም ትራንስክሪፕቴ ላይ በሁለት ኤም፣ እሱን ለማስተካከል ሁለት ወር ከቢሮ ቢሮ ተንከራተትኩ፣ መጨረሻ ላይ ወደ ሐረር ስመላለስ ሹፌሩ ዛሬስ ተፈታ ይለኝ ጀመር። ድሬና ሐረር ላይ ግማሻችን መሐመድ አብዱላሂ ስለሆንን በተለይ እዩት።

አቦ_ተረጋጉ፦
ኤጀንት ጋ እንዳትሄዱ። እኔ ከዚራ አንድ ቢሮ 15 ሺህ ብር ከፍዬ የአክሰፕታንስ ደብዳቤ ተብሎ ከጂሜይል ኢሜይል መጣልኝ። ዩኒቨርሲቲ በጂሜይል! ቢሮው አሁን ጫማ ቤት ሆኗል፣ ጫማውም ውድ ነው ወላሂ። ከላይ የተጠቀሱትን ስኮላርሺፖች ለማመልከት ምንም አትከፍሉም።

ሳቢያን_ልጅ፦
ሁላችሁም ኑሩልኝ። ሁለቱንም አስኬዳለሁ፣ ጋት ልፈተን፣ ለኢፖስ ደግሞ አመልክታለሁ። ግን ለሪኮመንዴሽን አድቫይዘሬን ስጠይቀው ራስሽ ጻፊውና ልፈርምበት አለኝ፣ ችግር አለው?

ፎሪንት_ቆጣሪ፦
አንዳንዶቹ ስኮላርሺፖች ለራሱ ለአድቫይዘርሽ ኢሜይል ነው ሊንክ የሚልኩት። ደብዳቤውን ለሱ ብታረቅቂው አይገርምም፣ ግን የሠራሻቸውን ነገሮች በነጥብ ጽፈሽ ላኪለትና እሱ በራሱ አፍ ይጻፈው፣ ዴድላይኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ ቡና እየጋበዝሽ አስታውሺው። ከዚያ በፊት ግን ነገ ገቢዎች ሂጂና ኮስት ሼሪንግሽን ጨርሺ፣ ክሊራንሱን ይዘሽ ሬጅስትራር። ኦሪጅናሉ ሳይወጣ ማረጋገጫ ማህተም የትም አታገኚም። ላሚኔት አላደረግሽውም አይደል ያለሽን? ማህተሙ ጀርባው ላይ ነው የሚመታው።

ሳቢያን_ልጅ፦
ወይኔ። ቴምፖውንም ስቱደንት ኮፒውንም። መጋላ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ እንዳይቀደድ ብዬ።

ደንገጎ_ዳገት፦
እንኳን ኦሪጅናሉን አላወጣሽው። ሲወጣ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ብቻ ክተቺው፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱንም በሌላ በኩል ዞረሽ እለፊው።