የወርቅና የብረት ማዕድን ፍለጋ፦ የናሙና ውጤት እንዴት ይነበባል?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)

ሰላም ለሁላችሁም። የአጎቴ ልጅ በምዕራብ ወለጋ የወርቅና የብረት ማዕድን ፍለጋ ፈቃድ ከያዙ ሰዎች ጋር ይሠራል፤ እኔና ጥቂት ባልደረቦቼም በአክሲዮን እንድንገባ ጋብዞናል። የሰጠን ሰነድ ሁለት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ ከመሬት ገጽ የተነሱ የኳርትዝ (ብዙ ጊዜ ነጭ የሆነ ጠንካራ ድንጋይ) ናሙናዎች እስከ 14 ግራም በቶን ወርቅ፣ ጥቁሩ ድንጋይ ደግሞ 58 በመቶ ብረት እንደያዘ ይገልጻል። ጥቁሩን ድንጋይ አምጥቶ አሳይቶናል። ጡጫ ብታህልም ክብደቷ እጅን ወደ ታች ይጎትታል፤ ከታይዋን ገበያ የገዛሁት ማግኔትም አልለቅ ብሎ ይዟታል። የምናስገባው የብዙ ዓመት ቁጠባችንን ስለሆነ፣ ከእነዚህ ቁጥሮች ተነስቶ ጥሩ ክምችት አለ ማለት ይቻል እንደሆነ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ (ጂኦሎጂስት፣ ሐረር)

ወንድሜ፣ ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅዎ ደግ ነው። ማግኔት የሚይዘው ከባድ ጥቁር ድንጋይ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። ንጹሕ ማግኔታይት 72.4 በመቶ ብረት ስለሚይዝ፣ 58 በመቶ ማለት ከድንጋዩ 80 በመቶ ያህሉ ማግኔታይት ነው ማለት ነው። ይህ ግን የዚያች ድንጋይ ውጤት እንጂ የተራራው ውጤት አይደለም። ፎስፈረስና ታይታኒየም ተለክተው እንደሆነም ይጠይቁ፤ በጊምቢ አቅራቢያ ከሚገኘው የቢቂላል የብረት ማዕድን ጋር ፎስፈረስ ያለበት አፓታይትና ታይታኒየም ያለበት ኢልሜናይት አብረው ይገኛሉ፤ ሁለቱም ለብረት አቅላጭ ችግር ናቸው።

በወርቁ ላይ ዋናው ጥያቄ ስፋት ነው። 14 ግራም የተገኘበት የኳርትዝ ጅማት (በአለቱ ውስጥ የሚያልፈው ቀጭን የኳርትዝ መስመር) ስፋቱ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን፣ ሠራተኛና መሣሪያ ለማስገባት ቢያንስ 1.2 ሜትር መቆፈር ስለሚያስፈልግ ወርቅ አልባው አለት አብሮ ይወጣና አማካዩ ወደ 2.3 ግራም ይወርዳል። ጅማቱ ወደ ጥልቀት መቀጠሉም በቁፋሮ ካልሆነ አይታወቅም።

ወርቁና ብረቱ በአንድ ቦታ መገኘታቸው ግን ትርጉም አለው። ወርቅ ከሰልፈር ጋር ተያይዞ በሙቅ ውኃ ከጥልቅ ይመጣል፤ ውኃው ብረት የበዛበት አለት ሲያገኝ ሰልፈሩ ከብረቱ ጋር ፓይራይት ይሠራና ወርቁ እዚያው ይዘቅጣል። ስለዚህ ብረቱ ወርቁን ለመፈለግ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በራሱ ይሸጣል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 የተገኘው የአውስትራሊያው ኦሊምፒክ ዳም ማዕድን ሄማታይት በተባለ የብረት ማዕድን የተሞላ ነው፤ ከእርሱ የሚሸጠው ግን መዳብ፣ ዩራኒየም፣ ወርቅና ብር ነው።

መልስ (የናሙና ሠራተኛ የነበረ፣ ሳቢያን)

በአንድ ፕሮጀክት ላይ ናሙና እሰበስብ ነበር። ኃላፊያችን ዝገት የመሰለ ቢጫ ነጠብጣብ ያለውን ኳርትዝ ብቻ እየመረጥን ከረጢት እንድንሞላ አዘዘን፤ ከጎኑ ያለውን ግራጫ አለት ማንም አልነካውም። በኋላ ቦይ ተቆፍሮ በየሜትሩ ሳይመረጥ ናሙና ሲወሰድ ውጤቱ ክፉኛ ወረደ፤ ገንዘባቸውን ያስገቡትን ሰዎች ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስለዚህ «እስከ 14» የሚለውን ቃል አይለፉት፤ የናሙናዎቹን ሁሉ ዝርዝር፣ ዝቅተኛዎቹን ጨምሮ፣ ከካርታው ጋር ይጠይቁ። ወርቅ አልባና ይዘታቸው አስቀድሞ የታወቀ መቆጣጠሪያ ናሙናዎች ወደ ላቦራቶሪው አብረው ተልከው እንደሆነም ይጠይቁ፤ ልኬቱ ትክክል መሆኑ የሚታየው በእነርሱ ነው። በኢንዶኔዥያ ቡሳንግ ናሙናው ላይ ከውጭ ወርቅ ተጨምሮበት እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1997 ሲጋለጥ፣ ብሪ-ኤክስ የተባለው የካናዳ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ አልባ ሆኗል።

መልስ (የትራንዚት ሠራተኛ፣ ድሬዳዋ)

ስለ ብረቱ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ግራም ወርቅ የአንድ ቶን ጥሩ የብረት ማዕድን ያህል ወይም ከዚያ በላይ በሚያወጣበት ዘመን፣ ወርቁ በሻንጣ ሲሄድ ብረቱ በመቶ ሺህ ቶን ካልተጫነ አያዋጣም። በከተማችን የሚያልፈው ባቡር ከሰበታ እስከ ጅቡቲ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከወለጋ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ ግን የከባድ መኪና ነው። የትራንስፖርት ስሌት የሌለው የብረት ዕቅድ ገና አልተጀመረም ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማታ ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ነበር፤ እስካሁን ቁፋሮ የለም፣ የናሙናዎቹ ብዛትም 9 ብቻ ነው። ሙሉ ዝርዝሩን ከካርታው ጋር እንዲልክልን ጠይቄዋለሁ፤ እስከዚያው ባልደረቦቼም ገንዘባቸውን እንዲያቆዩ ተስማምተናል። ሲደርሰኝ እዚሁ አቀርበዋለሁ።