ውጭ አገር ያለ ዜጋ ባለበት ሆኖ ይምረጥ ወይስ አይምረጥ?

አወያይ፦ የሳምንቱ መከራከሪያ ይኸው። ዐረብ አገር፣ አውሮፓና አሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን በኤምባሲ ወይም በፖስታ ድምፅ ይስጡ? የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጩ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር የኖረ ይሁን ስለሚል፣ አሁን ባለው አሠራር በሩ ዝግ ነው። ገጠመኝ አታምጡብን፤ አሠራሩን ተናገሩ። የተሳደበ ከቴሌግራም ግሩፑ ይወጣል።

የጣርማበሩ፦ ይምረጡ! ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 መብቱን የሰጠው ለኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። አገር ውስጥ ለተቀመጠ ዜጋ ብቻ አላለም። ደግሞ ያው አዋጅ ለወታደሩ፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪውና ለተፈናቃዩ ልዩ የምርጫ ጣቢያ ይፈቅዳል። ለእነሱ መላ ከተገኘ ጅዳ ላለችው ልጅ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን፦ ወንድሜ፣ አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብበው እንጂ። 18 ዓመት የሞላው "በሕግ መሠረት" ይመርጣል ነው የሚለው። ዝርዝሩ ለአዋጅ ተትቷል፤ ስለዚህ ሕገ መንግሥት መንካት ሳያስፈልግ ፓርላማው የ6 ወሩን ነገር ሊያሻሽለው ይችላል። በዚህ ከአንተ ጋር ነኝ።

ግን ማን ስለማን እንደሚከራከር እንለይ። እዚህ ጉዳዩ በተነሳ ቁጥር ጠቡ ዋሽንግተን ስላለው ሰው ይሆናል። የአሜሪካ ዜግነት የወሰደ ሰው በዜግነት አዋጅ 378/1996 ኢትዮጵያዊነቱን አጥቷል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ቢይዝም አዋጅ 270/1994 መምረጥንም መመረጥንም ለይቶ ከልክሎታል። ይህ ክርክር በዋናነት የሚነካው ፓስፖርታችንን እንደያዙ ሪያድ፣ ቤይሩትና ዱባይ የሚሠሩትን ነው።

ሸዋሮቢት፦ "ፓስፖርታችንን እንደያዙ" አልክ? ፓስፖርቱን የያዘው አሠሪው ነው! የቤት ሠራተኛዋ እሱን ሳታቀርብ በምን ትመዘገባለች? ኢቃማው የሳዑዲ መታወቂያ ነው፤ ያውም ላለው። በፖስታ ይሁን ብትሉ ደግሞ ፖስታው የሚደርሰው በአሠሪው አድራሻ ነው። ማን እንደሚከፍተው አይታወቅም። በአካል ትምጣ ካላችሁ ኤምባሲው ሪያድ፣ ቆንስላው ጅዳ ነው። ዳማም ያለችው በየትኛው የእረፍት ቀኗ ትደርሳለች?

የጣርማበሩ፦ ታዲያ ኬንያ እንዴት ቻለች? ደቡብ አፍሪካስ?

አረርቲ፦ የቻሉት በአንድ ወረቀት ነው፤ ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው። ውጭ ያለ ኬንያዊ የሚመርጠው ፕሬዚዳንቱን ብቻ ነው፤ ናይሮቢም ኪሱሙም ቢወለድ የሚሰጠው ወረቀት ያው ነው። እኛ ጠቅላይ ሚኒስትሩን በቀጥታ አንመርጥም። የምንመርጠው የምርጫ ክልላችንን ተወካይ ነው። 547 የምርጫ ክልል ማለት 547 ዓይነት ወረቀት ማለት ነው፤ አማራ ክልል ብቻውን 138 ነው። በዚያ ላይ የክልል ምክር ቤት ወረቀት አለ። የምንጃሩና የመንዙ ሰው ቤይሩት አንድ ሰልፍ ላይ ቢቆሙም የሚሰጣቸው ወረቀት አንድ አይደለም። እያንዳንዱ ኤምባሲ ሁሉንም ዓይነት ይዞ መጠበቅ አለበት።

ጊዜውንም አስቡት። የ2013ቱ ምርጫ ከግንቦት 28 ወደ ሰኔ 14 የተገፋው አገር ውስጥ ዝግጅቱ አልደርስ ብሎ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እስከ መስከረም 20 ቀን 2014 ቆይቷል። አሜሪካ በሕግ የድምፅ ወረቀቱን ከምርጫው 45 ቀን ቀድማ ለውጭ መራጮቿ ትልካለች። እኛ ዘንድ በ45ኛው ቀን ወረቀቱ ታትሞ ያልቃል ብሎ የሚምል አለ?

መሐል ሜዳ፦ አንድ ነገር ረስታችኋል፤ ምስጢርነቱን። ቆጠራው ምርጫ ጣቢያው ላይ ተካሂዶ ውጤቱ እዚያው ይለጠፋል። ኩዌት ላይ ከሞጃና ወደራ የተመዘገበችው አንዲት ሴት ብቻ ብትሆንስ? የምርጫ ክልሏ ውጤት "ለዚህ ፓርቲ 1 ድምፅ" ተብሎ በኤምባሲው በር ላይ ተለጠፈ ማለት እኮ ስሟ ተለጠፈ ማለት ነው። ፓስፖርት ለማሳደስ ነገ የምትመለሰው እዚያው መስኮት ላይ ነው።

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን፦ ትክክል። ለዚህም ነው ባለ ሁለት ፖስታው አሠራር የተፈጠረው። የውስጠኛው ፖስታ ስምም ምልክትም የለበትም፤ ወረቀቱ እሱ ውስጥ ይታሸጋል። እሱ ደግሞ ስም፣ የምርጫ ክልልና ፊርማ ያለበት የውጭኛ ፖስታ ውስጥ ይገባል። እዚያ ሳይቆጠር ታሽጎ በዲፕሎማቲክ ፖስታ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከዚያ ወደ ምርጫ ክልሉ። ታዛቢ ባለበት የውጭኛው ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል፤ ከተከፈተ በኋላ የውስጠኛው ከሌሎች ጋር ተደባልቆ ተከፍቶ ወረቀቱ ኮሮጆ ውስጥ ይገባል። ኮሮጆው ውስጥ የአገሬው ሰው ወረቀት ስላለ የኩዌቷ ድምፅ ከዚያ በኋላ አይለይም።

ይህ አሠራር የሚበላሽባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ፊርማ መርሳት፣ ፊርማው ከመዝገቡ ጋር አለመመሳሰል፣ የውስጠኛውን ትቶ ወረቀቱን በቀጥታ የውጭኛው ውስጥ መክተት፣ ከሁሉም በላይ መዘግየት። ፊርማ ለማይችል የጣት አሻራ ካልተፈቀደ ደግሞ ብዙ ሰው ይወድቃል።

የጣርማበሩ፦ 547 ዓይነት ማተም ከከበደ ባዶ ወረቀት ይሰጥና መራጩ የፓርቲውን ስም በእጁ ይጻፍ። አሜሪካኖቹም ወረቀቱ ለዘገየበት ሰው እንዲህ ያለ መጠባበቂያ አላቸው።

መሐል ሜዳ፦ ተመልሰህ እዚያው ገባህ! በእጅ የተጻፈው ወረቀት ኮሮጆው ውስጥ እንደ ነጭ በግ ይታያል። የሁለት ፖስታው ልፋት ገደል ገባ። ማንበብ የማይችለው ደግሞ ምልክት አይቶ ነው የሚመርጠው፤ ባዶ ወረቀት ላይ ምልክት የለም።

አረርቲ፦ ኤምባሲው የወረቀቱን ፋይል ከምርጫ ቦርዱ ተቀብሎ ያንኑ ወረቀት ያትም ብትሉ እንኳ የወረቀቱ ዓይነት አንድ መሆን አለበት። የቢሮ ፕሪንተር አያወጣውም።

ሸዋሮቢት፦ ለውጭው ሰው የራሱ ወንበር ይሰጠውስ? ምክር ቤቱ እስከ 550 መሆን ይችላል፤ 547 ብቻ ነው ያለው። 3 ይተርፋል። ያኔ እንደ ኬንያ አንድ ወረቀት ይበቃል።

ጠበቃ፣ ደብረ ብርሃን፦ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን እዚህ ሕገ መንግሥቱ ይመጣብሃል። በአንቀጽ 103 የምርጫ ክልል የሚከለለው በሕዝብ ቆጠራ ውጤትና በቦርዱ ሐሳብ ላይ ተመሥርቶ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፤ ሪያድ ያለውን ደግሞ ማንም አልቆጠረም። ባልተቆጠረ ሕዝብ ላይ ወንበር ብታስቀምጥ የመጀመሪያው ክስ ከየት እንደሚመጣ አስበው።

የጣርማበሩ፦ እሺ፣ መቁጠር ይቅደም። ፓስፖርት ለማሳደስ ወይም ሊሴ ፓሴ (ፓስፖርት ለሌለው የሚሰጥ የመመለሻ ሰነድ) ለማውጣት ቆንስላ የመጣ ሁሉ ወረዳውንና ቀበሌውን ቢሞላ ዝርዝሩ በራሱ ይከማቻል።

ሸዋሮቢት፦ ከአሠሪዋ ጠፍታ ፓስፖርቷን ያላሳደሰችው ግን ከዝርዝሩም ትጠፋለች። ቅጹን የቤት ሠራተኞች መጠለያና እስር ቤት ድረስ ይዞ የሚሄድ ሠራተኛ ይመደብ፤ ይህ ካልተጻፈበት እኔ አልደግፍም።

አወያይ፦ አዋጁ ይሻሻል በሚለው ላይ ድምፅ መስጫ ከፍቻለሁ፤ እስከ እሑድ ማታ ይቆያል። ውጭ ያላችሁ አባላትም መምረጥ ትችላላችሁ፣ ቴሌግራም ቀበሌ አይጠይቅም 😄