ቀይ ቀበሮ ለማየት ወደ ጓሳ በገና ወይስ በፋሲካ?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)

ጤና ይስጥልኝ። አጎቴ ዘንድሮ ከሐዋሳ ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ዕድሜያቸው ስድሳን የተሻገረ ሲሆን፣ ቀይ ቀበሮን በዓይናቸው ለማየት ከተመኙ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ፈቃድ ላገኝ የምችለው በገና ሰሞን ወይም በፋሲካ ሳምንት ብቻ ስለሆነ ከሁለቱ አንዱን መቁረጥ አለብኝ። ባለፈው ዓመት በነሐሴ ከባልደረቦቼ ጋር ቀይ ቀበሮ ወደሚገኝበት ደጋ፣ ወደ መንዝ ጓሳ ወጥተን፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጉም ውስጥ ተቀምጠን፣ የጭላዳ ዝንጀሮ ጩኸት ከገደሉ ሥር ከመስማት በቀር ምንም ሳናይ ተመልሰናል። ያንን ከአንድ አረጋዊ ጋር መድገም አልፈልግም። አካባቢውን የምታውቁ ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (የመሐል ሜዳ ተወላጅ)

በገና ይምጡ። ነሐሴ ላይ የገጠመዎት ጉም የክረምቱ ጠባይ ነው፤ ጓሳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ቆላው በገደል የሚወርድ ምድር በመሆኑ፣ ዝናቡ ባይዘንብም እንኳ ከሥር የሚወጣው ጉም ቀኑን ሙሉ ላይገለጥ ይችላል። በታኅሣሥና በጥር ግን ሰማዩ ጥርት ይላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ቀይ ቀበሮ በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ከሆናቸው በኋላ ከጉድጓዱ ብቅ ማለት ይጀምራሉ፤ የመንጋው አባላትም ሁሉም ተባብረው ስለሚመግቧቸው ወደዚያው ቦታ ይመላለሳሉ፤ ስለዚህ ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ሰው የማየት ዕድሉ ይጨምራል። አደራ የምለው፣ ጉድጓዱን አይቅረቡ፤ እናት ከተጨነቀች ልጆቿን ነቅላ ትሄዳለች። ውሻም ይዛችሁ አትምጡ፤ እነዚህን እንስሳት ከሚፈጇቸው ነገሮች ዋነኛው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው።

ብዙ እንግዶች ደግሞ አውሬ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ነው ብለው በጨለማ ተነሥተው ይንቀጠቀጣሉ። ቀይ ቀበሮ በቀን የሚያድን እንስሳ ነው፤ የሚያድነው አይጥ ስለሆነ የአይጡን ሰዓት ይከተላል፣ አይጡም በውርጭ ጊዜ ፀሐይ ሳትሞቅ ከጉድጓዱ አይወጣም። በታኅሣሥ ጠዋት ከ3 ሰዓት ጀምሮ ቢወጡ ብዙ አያመልጥዎትም።

መልስ (በአስጎብኚነት የምሠራ)

ከላይ በተሰጠው ምክር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ሆኖም እኔ ብሆን አለቃዬን ለምኜ ፈቃዱን ወደ ጥቅምት አዛውረው ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ገና አረንጓዴ ሳለ፣ ረጅሙ የደጋ ተክል ጅብራው በጠራ ሰማይ ሥር ቆሞ ሲታይ፣ ጓሳ እንደዚያ ወር አያምርም። ጭላዳዎቹም በዚያ ጊዜ ለምለም ሣር እየነጩ በሜዳው ላይ ይሰማራሉ፤ በጋው እየገፋ ሲሄድ ግን ሥር ወደ መቆፈር ይዞራሉ። እርግጥ ነው፣ የቀበሮ ግልገል ለማየት ጥቅምት ገና ነው።

በየትኛውም ወር ቢመጡ ጭላዳን አይናቁ። በ2015 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከጓሳ የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ከመቶ 67 ያህሉ ሙከራው ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ብቻ። ስለዚህ ቀበሮ ፍለጋ ሜዳውን ከማካለል ይልቅ፣ ጭላዳዎቹ ከሚያድሩበት ገደል ወጥተው ሲሰማሩ አጠገባቸው ራቅ ብሎ መቀመጥ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ለአጎትዎም ጉልበት የሚስማማው ይኸው ነው።

መልስ (የጤና ባለሙያ፣ ደብረ ሲና)

ስለ ፋሲካው ማንም ስላልመለሰልዎት እኔ ልጨምር። ፋሲካ የሚውለው በበልግ ዝናብ ወራት ነው፤ መንዝም በበልግ ገብስ የሚዘራ አገር ስለሆነ ገበሬው የሚጠብቀው ያንን ዝናብ ነው። አንዳንድ ዓመት በልጉ ይቀራል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ በረዶ ቀላቅሎ ይወርዳል። ሌሊቱ ከታኅሣሥ ይልቅ ይለዝባል፤ ነገር ግን ለአንድ ጊዜ ጉዞ እንዲህ ባለ ዕድል ላይ መደገፍ አልወድም።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ከፍታው ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ የመጣ የስድሳ ዓመት ሰው በማግሥቱ 3,400 ሜትር ላይ ቢወጣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ሊያጋጥመው ይችላል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ያህል ስለሆነች፣ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እርስዎ ዘንድ አሳድረው ይውሰዷቸው። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ። ላይ ሲደርሱ ዳገት አያስወጧቸው፣ ውኃ ያጠጧቸው፤ ራስ ምታቱ ከበረታ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ታች ያውርዷቸው። የታኅሣሥ ውርጭ ለሐዋሳ ሰው ቀልድ አይደለምና ጋቢ ብቻ አይበቃም።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጥቅምትን ለምኜ ነበር፣ አልተፈቀደልኝም። ስለዚህ አጎቴ ገናን ከእኛ ጋር በደብረ ብርሃን ውለው፣ ጾሙም ስለሚፈታ በደንብ በልተው፣ ጥር 1 ቀን በጣርማ በር በኩል እንወጣለን። የከፍታውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩበትም ነበር፤ ከበዓሉ ሦስት ቀን ቀደም ብለው እንዲመጡ ዛሬውኑ እደውልላቸዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራውን ባና መሐል ሜዳ ገበያ ላይ አገኛለሁ ወይስ ከዚሁ ገዝቼ ልውጣ?

መልስ (የመሐል ሜዳ ተወላጅ)

ከዚያው ገዝተው ይምጡ። ጓሳ የሚደርሱት ከመሐል ሜዳ በፊት ነው፤ ብርዱም ገበያ እስኪደርሱ አይጠብቅዎትም።