የብር ዋንጫዬ እጀታ ተነቀለ፣ እባካችሁ ቶሎ!

ጠያቂዋ (ከማድሪድ)፦ ከኤል ራስትሮ የእሑድ ገበያ የገዛሁት አሮጌ የብር ዋንጫ አንዱ እጀታው አሁን ተነቀለ። ባለቤቴ በቆርቆሮ እበይደዋለሁ ብሎ መበየጃውን እያሞቀ ነው። ሻጩ የ1600ዎቹ ነው ብሎኛል። ምን ላድርግ?

ሣቂታው፦ ባለ ሁለት እጀታ ዋንጫ? ጨዋታውን ማን አሸነፈ?

ጽዳት ወዳድ፦ በጥርስ ሳሙና ፈትጊው፤ አዲስ ይመስላል።

የታሪክ መምህር፦ ዝርግና ሰውነቱ በሸንተረር የተከፋፈለ ከሆነ ስፔኖች በርነጋል የሚሉት የወይን መጠጫ ነው። ጌጡን ተመልከቺ። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንጥረኞቹ ሐረግ፣ ቅጠልና የሰው ፊት ይደራርቡ ነበር። የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ኤል ኤስኮሪያል የተባለውን ገዳምና ቤተ መንግሥት ካሠራ (1563–1584) ወዲህ ግን ጌጡ ቀዝቅዞ ቀጥ ያለ መስመርና ሞላላ የኢናሜል (በብሩ ላይ የቀለጠ ባለ ቀለም ብርጭቆ) ፈርጥ ብቻ ቀረ። ለእኔ ውበቱ እዚያ ላይ ነው። ዛጎል መሳይ ጥምዝምዝ ካየሽ 18ኛው መቶ ዘመን ገብተሻል።

ተጠራጣሪው፦ የ1600ዎቹ ዋንጫ በእሑድ ገበያ? ባለ አምስት ጫፍ ኮከብና 915 (ከሺህ 915 እጁ ንጹሕ ብር ማለት ነው) የሚል ማኅተም ካለበት ከ1934 ወዲህ የተሠራ ነው።

የአንጥረኛ ልጅ፦ እህቴ፣ ሁሉንም ተዪና መበየጃውን አስጠፊ! እርሳስ ያለበት ቆርቆሮ ከተቀባ፣ ነገ ባለሙያ በብር መበየጃ ሊጠግነው ሲያሞቀው እርሳሱ ብሩን እየበላ ይበሳዋል። ሙጫም ይቅር። እጀታውን በጨርቅ ጠቅልለሽ አሮጌ ብር ለሚጠግን አንጥረኛ ውሰጂ። የጥርስ ሳሙናውም ይቅር፤ ውስጡ በወርቅ የተለበጠ ከሆነ ይፍቀዋል። ታችኛው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰበረ ጭረት ካለም አታለስልሺው፤ ፈታኙ የብሩን ጥራት ለመለካት የፋቀው ነው።

ጠያቂዋ፦ ኮከብ የለም። እግሩ ሥር በኋላ እግሮቹ የቆመ አንበሳና የተፋቀ ጽሑፍ አለ።

የታሪክ መምህር፦ ኮርዶባ! የከተማዋ ማኅተም አንበሳ ነው። ከጎኑ የፈታኙና የአንጥረኛው ስም ይኖራል፤ ዘመኑን የሚነግርሽ የፈታኙ ነው።

ተጠራጣሪው፦ ሳራጎሳም አንበሳ አላት። አስመሳይም አንበሳ መቅረጽ አያቅተውም።

ጽዳት ወዳድ፦ የጥርስ ሳሙናውን ግን ሞከርሽው?

መንገደኛ፦ ወደ አገር ቤት ልትልኪው አስበሽ ከሆነ ደግሞ፣ በ1985ቱ የስፔን የቅርስ ሕግ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው እንዲህ ያለ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። ዕድሜውን አስቀድመሽ አረጋግጪ።