ከሒሳብ ሥራ ወደ ቪዲዮ ጌም ሥራ፦ ያለ ልምድ ከየት ልጀምር?

ሰላም ለሁላችሁም። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ ክፉ አይደለም፤ ልቤ ግን ጌም መሥራት ላይ ነው። ማታ ማታ ጎዶት የሚባለውን የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር እየተማርኩ ነው። ነፃ ስለሆነና ኮምፒውተሬን ስለማያጨናንቀው መረጥኩት።

አሁን በእጄ ያለችው አንዲት ትንሽ የዝላይ ጌም ናት። ተጫዋቹ ቁልፉን ትንሽ ዘግይቶ ሲጫን ገጸ ባህሪው ከጠርዙ ዝም ብሎ ይወድቅ ነበር። ከጠርዙ ከወጣ በኋላም ለ0.1 ሰከንድ ያህል መዝለል እንዲችል ሳደርገው ጌሟ ነፍስ ዘራች። እንዲህ ያለ ነገር ስሠራ ሰዓቱ መንጎዱም አይታወቀኝ።

የቸገረኝ የሥራ ማስታወቂያው ነው። ለጀማሪ የሚባለው ሳይቀር ተሠርቶ ያለቀ ጌም ይጠይቃል። ብዙዎቹም ሌሎች የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮችን ከነፕሮግራሚንግ ቋንቋቸው፣ ማለትም ዩኒቲን ከሲ ሻርፕ ወይም አንሪልን ከሲ ፕላስ ፕላስ ጋር ይፈልጋሉ። ታዲያ ጎዶትን ልተወው? ወይስ ይህችን ጨርሼ ኢች ዶት አይኦ የሚባለው የጌም መልቀቂያ ድረ ገጽ ላይ ልልቀቃት? ሉደም ዴር በሚባለው የጌም መሥራት ውድድር ላይ በ48 ሰዓት የሚሠራ ጌም ደግሞ ቀጣሪ ዘንድ ዋጋ አለው?

በቴስተርነት፣ ማለትም ጌም እየተጫወቱ ስህተት በመፈለግ ሥራ ገብቶ ወደ ጌም ዲዛይን ማለፍ ይቻላል የሚሉ አሉ። እዚያው ተቀርቅሮ መቅረትም አለ ይባላል። እኔ ከኤክሴል ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ። በጌም ውስጥ የእቃው ዋጋ፣ የጠላቱ ጉልበት፣ ሽልማቱ ሁሉ በቁጥር የሚመጣጠን ስለሆነ ይጠቅመኛል ብዬ አምናለሁ። ይህን ለቀጣሪ እንዴት እንደማሳይ ግን ግራ ገብቶኛል።

ከሌላ ሙያ መጥታችሁ የገባችሁ ካላችሁ፣ መጀመሪያ ያገኛችሁት ሥራ ምን እንደነበርና ለመቀጠር ያሳያችሁትን ነገር ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።