ወደ ማሪያዲቢ ስዛወር የተሰበሩ የጄሰን ጥያቄዎች

የድረ ገጼ አስተናጋጅ የኦራክልን የመረጃ ቋት ማይኤስኪውኤል 8.0 ትቶ ከእሱ የተገነጠለውን ማሪያዲቢ 10.6ን ብቻ መደገፍ ጀምሯል። ሐሳቡን አልቃወምም፤ የአንድ ኩባንያ ፈቃድ የማይጠብቅ የመረጃ ቋት እኔም እመርጣለሁ። የተቸገርኩት በመጻሕፍት መደብሬ ገጽ ነው።

መጠባበቂያ ቅጂውን ስጭን መጀመሪያ «0900» የሚል ቁጥር ያለበትን የፊደል አደራደር ደንብ አላውቀውም አለኝ። በፋይሉ ውስጥ ሁሉንም በቆየው የዩኒኮድ ደንብ ተካሁና ሠንጠረዦቹ ገቡ። አሁን ግን ከጄሰን (መረጃን በስምና በእሴት ጥንድ የሚጽፍ የጽሑፍ ቅርጽ) ዓምድ ዋጋና የደራሲ ስም የሚያወጡት ጥያቄዎች (ለመረጃ ቋቱ የሚላኩ ትእዛዞች) በሙሉ የአገባብ ስህተት ይሰጣሉ፤ ማሪያዲቢ ከጄሰን ውስጥ እሴት የሚያወጣውን የቀስት ምልክት (->>) አይቀበልም። ጄሰን የሚለው ዓይነት ራሱ እዚያ ተራ ረጅም ጽሑፍ ነው። ኮዱ ደግሞ በቤት ኮምፒውተሬ ላይ ባለው ማይኤስኪውኤልም መሥራት አለበት።

በሁለቱም ላይ ሳይለወጥ የሚሠራ አጻጻፍ አለ ወይስ አስተናጋጁ ሁለቱንም እንዲያቀርብ ልሟገት?